ስለ መምህራን መማማሪያ ጉባኤና ስለ ርእሰ መምህሩ ሥራ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



መምህር በክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። በሩን ዘግቶ ያስተምራል፤ ባልንጀራው በሚቀጥለው ክፍል እንዴት እንደሚያስተምር አያይም፤ እርሱም ሲያስተምር የሚያየው ባልንጀራ የለውም። እንዲህ ሆኖ ብዙ ዘመን የቈየ መምህር መልካም የሠራውን የሚያመሰግንለት፥ የሳተውንም የሚያቀናለት ሳያገኝ ይኖራል። ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም እንደ ተባለው፥ የሚመዛዘንበት ስለሌለ በሥራው የደረሰ ይመስለዋል። የዚህም ጕዳት ከመምህሩ አልፎ የሚደርሰው በሕፃኑ ላይ ነው።

ይህ ነገር በምሳሌ ቢገለጽ ይሻላል። አንድ ሕፃን ከ52 ላይ 17 ቀንስ ቢባል ብዙ ጊዜ 45 ብሎ ይጽፋል። መምህሩም ስሕተት ነው ብሎ በቀይ ቀለም ይሰርዘዋል፤ ትክክለኛውን 35 በሰሌዳ ላይ ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሕፃኑ ግን 45 ያለው በስንፍና አይደለም። ከ2 ላይ 7 አይነሣም ብሎ ከ7 ላይ 2ን አንሥቶ 5 አገኘ፤ ከ5 ላይም 1ን አንሥቶ 4 አገኘ። ይህን ሐሳቡን የጠየቀው ስለሌለ በማግሥቱም ያንኑ ይደግማል። በሌላው ክፍል ያለው መምህር ምናልባት ይህን በሽታ ያውቀዋል። አሥር አሥር እንጨት የታሰረባቸው አምስት እስሮችና ሁለት ነጠላ እንጨቶች ለሕፃኑ ሰጥቶ፥ «ከዚህ 17 ስጠኝ» ይለዋል። ሕፃኑም ሰባት ነጠላ ሲያጣ አንዱን እስር ራሱ ይፈታል፤ 12 ነጠላ ይሆንለታል። ሰባቱን ነጠላና አንዱን እስር ከሰጠ በኋላ ሦስት እስርና አምስት ነጠላ በእጁ ይቀራል። እንግዲህ መድኃኒቱ በአንዱ ክፍል ሳለ በሽታው በሌላው ክፍል የሚኖረው ሁለቱ መምህራን ተገናኝተው ስላልተነጋገሩ ነው።

በአንድነት መማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለብቻው ሲያስብ ይውላል እንጂ ለብቻው አያስቀረውም። በመምህሩ ፊት፥ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይነግራል፤ የጐደለው ይሞላል፥ የተጣመመው ይቃናል፤ የአንዱም መታረም ለሰሙት ሁሉ ትምህርት ይሆናል። በመጻሕፍት ቤትም ጉባኤው ከተፈታ በኋላ ደቀ መዛሙርቱ የሰሙትን እርስ በርሳቸው ይቀጽላሉ፤ የዘለቀው ያልዘለቀውን ይረዳዋል። ይህ ሥርዐት ለተማሪ ከጠቀመ ለመምህሩ ለራሱ ስለ ምን ይከለከላል?

ከባሕር ማዶ አገሮች ይህን ሥራ አጥብቆ የያዘ የጃፓን አገር ነው። ጃፓኖች ጁግዮ ኬንክዩ ይሉታል፤ ትምህርትን መመርመር ማለት ነው። ሥሩም ዘመናዊ ትምህርት ቤቶቻቸው በተቋቋሙበት በሜጂ ዘመን፥ ማለት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1868 እስከ 1912 ባለው ጊዜ የተተከለ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቂት መምህራን ሕፃናቱ የሚቸገሩበትን አንድ ነገር ይመርጣሉ፤ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት በአንድነት ያዘጋጃሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ያስተምራል። የቀሩትም በክፍሉ ውስጥ ቆመው ሕፃናቱን ይመለከታሉ፤ ማን ምን እንደ ጻፈ፥ የት ላይ እንደ ተሰናከለ በወረቀት ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ትምህርቱንም አርመው በሌላ ክፍል ደግመው የሚያስተምሩበት ጊዜ አለ። ትምህርቱን ያዘጋጁት ሁሉም ስለ ሆኑ ጕድለቱ የአንድ ሰው ነውር አይሆንም። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ጄምስ ስቲግለርና ጄምስ ሂበርት የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ስለዚህ አሠራር በመጽሐፍ ከጻፉ ወዲህ በአሜሪካና በሌሎች ብዙ አገሮች ተስፋፍቷል።

በኢትዮጵያም የትምህርት ሚኒስቴር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 ባወጣው መመሪያ መምህራን በየዓመቱ 60 ሰዓት ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያውሉ ደንግጓል፤ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችም በጉድኝት ማዕከል እንዲገናኙ ተደርጓል። ሆኖም ሰዓቱ በወረቀት ላይ ሞልቶ በሥራ ላይ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቅጹ ተሞልቶ፥ ፊርማው ተፈርሞ፥ ማኅደሩ ተዘግቶ ሳለ ሕፃኑ አሁንም 45 ብሎ ይጽፋል። ጉባኤው ሕያው ወይም ምውት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በርእሰ መምህሩ ነው። ስለዚህ ከርእሰ መምህሩ የሚጠበቀው ሥራ ከዚህ ቀጥሎ ይነገራል።

መጀመሪያ፥ ጊዜ መስጠት ይገባዋል። መምህራን ቀኑን ሁሉ አስተምረው፥ ረጅሙን መንገድ ወደ ቤታቸው በሚሄዱበት ሰዓት ተሰብሰቡ ቢባሉ አካላቸው ይመጣል እንጂ ልባቸው አይመጣም። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜውን ድልድል ሲያወጣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ የታወቀ ሰዓት ይለይ፤ በዚያም ሰዓት ስለ ሪፖርትና ስለ ልዩ ልዩ ማስታወቂያ አይነገርበት። አንዱ መምህር የባልንጀራውን ትምህርት ለማየት ሲሄድ ክፍሉን ርእሰ መምህሩ ራሱ ይያዝለት።

ሁለተኛ፥ ጥያቄውን ማጥበብ ይገባዋል። «ትምህርትን እናሻሽል» የሚል ሰፊ ቃል ፍሬ የለውም። «ሕፃናቱ ስለ ምን 45 ይላሉ?» የሚል ጥያቄ ግን የሚጨበጥ ነው። የተማሪዎቹ ደብተር በመካከል ይቀመጥ፤ ንግግሩም ከደብተሩ አይራቅ።

ሦስተኛ፥ ከሁሉም የሚበልጠው፥ ነውርን ማራቅ ነው። አንድ መምህር በጉባኤው «ክፍልፋይን ማስተማር አልሆነልኝም» ብሎ እውነቱን ቢናገር፥ ይህንም ቃሉን በዓመቱ መጨረሻ በሥራው ምዘና ላይ ተጽፎ ቢያገኘው፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰሙት ሁሉ አፋቸውን ይዘጋሉ። አፋቸውንም ከዘጉ በኋላ ትእዛዝ አይከፍተውም። እንግዲህ ርእሰ መምህሩ የምዘናውን መዝገብ ከጉባኤው ውጭ ይተወው፤ ይህንንም አስቀድሞ በሁሉ ፊት ይናገር፥ ቃሉንም ይጠብቅ። እንዲህ ማለት ሰነፉን ዝም ይበለው ማለት አይደለም። ያለ ምክንያት ከክፍሉ የሚቀረውን መገሠጽ የሹመቱ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ለተግሣጽ ሌላ ቦታና ሌላ ቀን አለው።

አራተኛ፥ ራሱ ተማሪ መሆን ይገባዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ርእሰ መምህሩ በመጀመሪያው ዙር ራሱ አስተምሮ ቢታይና ቢታረም፥ ሌሎቹ ያለ ፍርሀት ይከተሉታል።

አምስተኛ፥ ብቸኛውን መምህር ማሰብ ይገባዋል። በትንሽ የመንደር ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን በጉድኝቱ ካሉት የሒሳብ መምህራን ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። አዲስ የመጣውንም ወጣት ከአንድ ከበሰለ መምህር ጋር ያጣምረው፤ ሁለቱም እየተያዩ ያስተምሩ።

የአገር ሽማግሎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። መምህራን በቀን ተቀምጠው ሲነጋገሩ ያየ ወላጅ «ሥራ ፈቱ» ብሎ ያማቸው ይሆናል። ሽማግሌውም፥ ገበሬ ማረሻውን ሲያስል ቀኑን አላባከነም ብሎ ያስረዳው። ደግሞም በዚያች ሰዓት ከሽማግሎች አንዱ ወደ ትምህርት ቤቱ መጥቶ ስለ አገሩ ታሪክ፥ ስለ እርሻና ስለ ዛፍ ተከላ ለሕፃናቱ ቢነግር፥ መምህራኑ ያለ ሐሳብ ይመካከራሉ፤ ሕፃናቱም ከመጽሐፍ የማያገኙትን ይማራሉ።

የጉባኤው መልካምነት የሚታወቀው በተፈረመው ወረቀት ብዛት አይደለም። ምስክሩ የሕፃኑ ደብተር ነው። ትናንት 45 ብሎ የጻፈው ሕፃን እስሩን በእጁ ፈትቶ 35 ብሎ ሲጽፍ፥ ስለ ምን እንደዚህ እንደ ሆነም ለባልንጀራው ሲያስረዳ፥ መምህራኑ በከንቱ አልተሰበሰቡም፤ ርእሰ መምህሩም ሹመቱን በሚገባ ሠርቶበታል።