ድምፅ ሲቀየር ከንፈር እንዲገጥም

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በኩዌት የተሠራው «ኢፍታህ ያ ሲምሲም» የልጆች ዝግጅት ለአረቡ ዓለም መተላለፍ ጀመረ። የአሜሪካው «ሰሰሚ ስትሪት» የአረብኛ አቻ ነው። አዳዲስ ክፍሎች ተቀረጹለት፤ ከአሜሪካ የመጡት ደግሞ በአረብኛ ድምፅ ተተኩ።

ይህ ከቀረጻ በኋላ የሚከናወን ድምፅ የመተካት ሥራ ዳቢንግ ይባላል። እንዴት ይሠራል? መጀመሪያ ንግግሩ ይነሳና ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ ብቻ ይቀራል። ተርጓሚው ቃላቱን በአፍ እንቅስቃሴ ልክ ይመጥናል፤ ከንፈር በሚገጥምበት ቦታ «በ» ወይም «መ» ያለበት ቃል ይፈልጋል። ተዋናዩ ምስሉን እያየ ይናገራል። በመጨረሻ ሁሉም ድምፅ ይቀላቀላል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥንም የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ያናገረው በዳቢንግ ነው። ዳቢንግ ተሳካ የሚባለው ተመልካቹ ትርጉም መሆኑን ሲረሳው ነው።

(ሙዚቃ)