ማስቲሽ የሚስበውን ልጅ አናባርረው
(የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀንን ምክንያት በማድረግ በናይሮቢ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተደረገ ንግግር)



የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት ሰኔ 19 ቀን በየዓመቱ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ስለ ዕፅ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሀሺሽንና ሄሮይንን ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ጫማ ሰፊው ስለሚሠራበት ማስቲሽ ነው። እዚህ «ጉንዲ» ይሉታል። የፕላስቲክ ጠርሙስ አፍንጫቸው ሥር ይዘው በናይሮቢ መንገዶች የሚዞሩትን ልጆች ሁላችንም አይተናል። በአዲስ አበባም ማስቲሽና ቤንዚን የሚስቡ የጎዳና ልጆች አሉ።

ልጁ ለምን ይስበዋል? ረሃቡንና ብርዱን ስለሚያስረሳው ነው። ሽታው በሳንባ በኩል ገብቶ ወዲያው አንጎል ይደርሳል። በብዙ ማስቲሾች ውስጥ የሚገኘው ቶሉዊን የተባለው ኬሚካል ቅባት ያሟሟል፤ አንጎልና ነርቭ ደግሞ ቅባት የበዛባቸው ናቸው። ሲደጋገም የማስታወስ ችሎታ ይደክማል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አረማመድ ይበላሻል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። ከሁሉ የከፋው ግን የልብ ምት ድንገት ተዛብቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ልጅ እንኳ ሊሞት መቻሉ ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ አንድ አደራ አለኝ። ልጃችሁን ሲስብ ብታገኙት አትጩኹበት፣ አትምቱት፣ አታሯሩጡት። በዚያች ሰዓት ድንጋጤና ሩጫ ልቡን ሊያቆሙት ይችላሉ። ጠርሙሱን በቀስታ ውሰዱ፤ ልጁን ንጹሕ አየር ወዳለበት አውጡት፤ እሳትና ሲጋራ አርቁ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት አድርሱት። ተግሣጹ ለነገ ይደር።

ወጣቶች፣ የጫትንም ነገር እናንሳ። በኬንያ ሕግ ሚራ ባይከለከልም መዘዙን እናውቀዋለን። ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፤ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይፈለጋል፤ በማግሥቱ ሥራም ትምህርትም የለም። ስደት ደግሞ መጠበቅ ይበዛበታል፤ ቃለ መጠይቅ መጠበቅ፣ መልስ መጠበቅ። ሱስ የሚገባው በዚያ ባዶ ሰዓት ነው። እንግዲህ ያን ሰዓት እንሙላው። እንግሊዝኛ ወይም ስዋሂሊ የሚችል ያስተምር፤ ኳስ ያለው ልጆቹን ሜዳ ያውጣ፤ ባለሙያ የሆነ አንድ ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ሙያውን ያሳየው። ባለሱቆችና ጫማ ሰፊዎች፣ እናንተም ማስቲሽ ለልጅ አትሽጡ።

ሱስ ሕክምና አለው። ማታሪ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል፤ ናካዳ የተባለው የኬንያ መንግሥት መሥሪያ ቤትም በ1192 ስልክ በነፃ ያማክራል።

በአገራችን ልጅ ሲያጠፋ ጎረቤት ይቆጣው፣ ጎረቤትም ያበላው ነበር። እዚህ ብዙ ልጆች ያለ እናትና አባት መጥተዋል። ዘመድ ባይኖራቸው ጎረቤት አላቸው፤ እሱም እኛ ነን። «ቾኮራ» ብለን ካባረርነው የሚቀበለው ያው ጠርሙሱ ብቻ ነው። በስሙ እንጥራው፤ ከማዕዳችን እናካፍለው። ከትምህርቱም ከኳሱም በአንዱ ለመርዳት የምትችሉ ዛሬ ከመሄዳችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ።