ድንቅነሽና ሰላም
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን የሚወጣ መንገደኛ እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል ከሚወርድ ገደል አፋፍ ይደርሳል። ድንቅነሽ የተባለችው አስትሮይድ ከዚያ ገደል ግርጌ ብትቀመጥ አናቷ ከገደሉ እኩሌታ አይደርስም፤ አማካይ ስፋቷ 719 ሜትር ብቻ ነውና። ይህች ዓለት በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይዶች መቀነት ውስጠኛ ክፍል ፀሐይን ትዞራለች። በ1992 ዓ.ም. ከታየች ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ የምትታወቀው በቁጥር ብቻ ነበር።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የተወነጨፈችው «ሉሲ» የተባለች የአሜሪካ መንኩራኩር ስሟን የወሰደችው በ1967 ዓ.ም. በሐዳር ከተገኘችው ቅሪተ አካል ነው። ስለዚህም በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያዋ ዒላማ የዚያችው ቅሪተ አካል የአማርኛ ስም ተሰጣት።

ጉብኝቱ በመሠረቱ የመሐንዲሶች ፈተና ነበር። በሰከንድ 4.5 ኪሎ ሜትር የምታልፍ መንኩራኩር ከመሬት ትእዛዝ እስኪመጣ ልትጠብቅ አትችልም፤ የሬዲዮ መልእክት ለመድረስ ብቻ ደቂቃዎች ይፈጅበታል። እንግዲህ ዒላማዋን ራሷ ፈልጋ ራሷ መከተል ነበረባት። መከተያው መሣሪያ ቢስት፣ በጁፒተር ምሕዋር ካሉት ዋነኞቹ ዒላማዎች ዘንድ ስትደርስ ባዶ ሰማይ አንሥታ ታልፍ ነበር።

ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት አለፈች፤ መሣሪያውም አልሳተም። ቀደም ብሎ የዓለቷ ብርሃን መለዋወጥ ባለሙያዎቹን አጠራጥሮ ነበር። ፎቶግራፎቹ ሲደርሱ በ3.1 ኪሎ ሜትር ርቀት ድንቅነሽን በ52.7 ሰዓት የምትዞር ጨረቃ ታየች። ኋላ የደረሱት ፎቶግራፎች ደግሞ ጨረቃዋ እያንዳንዳቸው ከ200 ሜትር ጥቂት የሚበልጡ ሁለት የተጣበቁ ዓለቶች መሆኗን አስረዱ። እንዲህ ያለች ጥንድ ጨረቃ ሌላ አስትሮይድ ስትዞር ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም። ስሟም ሰላም ተባለ፤ ይኸውም ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በ1993 ዓ.ም. በዲኪካ ያገኛት ሕፃን ስም ነው።

የጨረቃዋ አመጣጥ እንዲህ ይታሰባል፦ የፀሐይ ብርሃን ለረጅም ዘመን ሲያርፍባት የትንሽ ዓለት ሽክርክሪት ቀስ በቀስ ይፈጥናል፤ ከገጽዋ የተላቀቀው ፍርስራሽም ተሰብስቦ ጨረቃ ይሆናል።

ስሙ ከኢትዮጵያ ሄደ፤ መለኪያው የሌሎች ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ ጥንድ አስትሮይዶች የሚታወቁት የብርሃናቸውን መለዋወጥ ሌሊት ከሌሊት በመመዝገብ ነው፤ ለዚህም መጠነኛ ቴሌስኮፕ ይበቃል። በእንጦጦ የ1 ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። የሚቀረው ትዕግሥተኛ ተመልካችና የማይቋረጥ መዝገብ ነው፤ ይህም የዚህ ማኅበር አባላት በየሙያቸው የለመዱት ሥራ ነው።