የአክስቴ የ26 ገጽ ወረቀት
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እህቶቼ፣ እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒት ልመክራችሁ አልቆምኩም። የማወራችሁ አክስቴ ባለፈው ዓመት ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይዘውት ስለመጡት የ26 ገጽ ወረቀት ነው።

አክስቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ለፋሲካ ድፎ የሚደፉልን እሳቸው ናቸው። ወገባቸውን ሲያማቸው ከርሞ ሲመረመሩ መልቲፕል ማይሎማ የሚባል፣ ከአጥንት መቅኔ የሚነሳ የደም ካንሰር ተገኘባቸው። ይህ በሽታ እዚህ አሜሪካ በጥቁሮች ላይ ከነጮች እጥፍ ያህል ይበዛል፤ ጥናቶቹ ውስጥ የሚገቡት ጥቁሮች ግን ጥቂት ናቸው። ሐኪማቸው «ዩኒቨርሲቲው የሚያካሂደው ጥናት አለ፣ ያስቡበት» ብሎ ወረቀቱን ሰጣቸው። ማታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና «ልጄ፣ እንደ አይጥ ሊሞክሩብኝ ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እንደ ውል እርሳስ ይዤ ሦስት ማታ አነበብኩት።

«ሙከራ» የሚለው ቃል ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ግን ግሊቬክ የሚባለውን ክኒን ሰምታችሁ ይሆናል፤ አገር ቤት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ሲኤምኤል የሚባል የደም ካንሰር ያለባቸው ሰዎች በእርዳታ ፕሮግራም ሲወስዱት ኖረዋል። እሱም በ1998 በሙከራ ነው የጀመረው፤ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ብራያን ድሩከር ኩባንያውን ጎትጉቶ። በዚያ የመጀመሪያ ጥናት በቀን 300 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱ 54 ሰዎች የ53ቱ የደም ቁጥር ተስተካከለ፤ በ2001 ተፈቀደ። ሁሉም እንዲህ አይሆንም፤ ብዙው ሙከራ ፋርማሲ ሳይደርስ ይቀራል።

የመጀመሪያው ደረጃ ጥናት ልኩ ስንት ቢሆን ሰው ይችለዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ይሠራል ወይ ይላል፣ ሦስተኛው ካለው ሕክምና ይሻላል ወይ ብሎ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ያነጻጽራል። የአክስቴ ሁለተኛው ነበር። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና፣ ግማሾቹ በዚያ ላይ አዲስ መድኃኒት ያገኛሉ። ባዶ ክኒን ብቻ የሚሰጠው ሰው የለም። በፈለጉ ቀን መውጣትም ይችላሉ፤ ይህን አስምሬበታለሁ።

ወደ እኔ ሥራ ልምጣ። ወጪው ሁለት ዓምድ አለው። ጥናት ውስጥ ባይገቡም የሚኖረው ሕክምና፣ ማለትም የሐኪም ቀጠሮ፣ የተለመደው መድኃኒትና የተለመደው የደም ምርመራ፣ ለኢንሹራንስ ይሄዳል። ለጥናቱ ሲባል ብቻ የሚደረገው ምርመራ በጥናቱ ይከፈላል፤ አዲሱ መድኃኒትም በአክስቴ ወረቀት ላይ እዚያው ነበር። ሜዲኬር የመጀመሪያውን ዓምድ ከ2000 ጀምሮ ይሸፍናል፤ የግል ኢንሹራንሶች ከ2014፣ ሜዲኬድ ከ2022 ጀምሮ በሕግ ተገደዋል። ይሸፍናል ማለት ግን ነጻ ማለት አይደለም፤ የሜዲኬር 20 በመቶ ድርሻ የአክስቴ ናት። ፓርኪንግስ ብዬ ጠየቅሁ። ሰጡን። ባልጠይቅ ማንም አይነግረኝም ነበር።

አክስቴ እሺ ባሉ በሳምንቱ «አይገቡም» ተብሎ ተደወለ። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎቻቸው 1,300 ሆነው፣ ጥናቱ ደግሞ 1,500 ይፈልጋል። አክስቴ «ተገላገልኩ» አሉ፤ ፊታቸው ግን እንደዚያ አይልም። እኔ ደረሰኝ የማልጥል ሰው ነኝ፤ የድሮ የደም ውጤታቸውን አወጣሁ። ከስምንት ዓመት በፊት፣ ደህና በነበሩ ጊዜም፣ 1,300 አካባቢ ነው! ይህ ብዙ አፍሪካውያን፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ በውርስ የምናገኘው ነገር ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ይላል እንጂ በሽታ አይደለም። ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ለካ የጥናቱ መመሪያ ራሱ ለእንዲህ ዓይነት ሰው 1,000 ይበቃል ይላል፤ የደወለልን ሰው አላየውም። የደም ዓይነታቸውን መርምረው አስገቧቸው።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ዕጣ አወጣና የተለመደው ሕክምና ደረሳቸው። «ዕቁቡ ለሌላ ወጣ» አሉኝ በመኪና ስንመለስ፣ ሌላ አልተናገሩም። እኔም ከፍቶኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። አሁን አሥረኛ ወራቸው ነው፤ የበሽታው ቁጥር ወርዷል፣ ወገባቸው አሁንም ያማቸዋል።

በሦስተኛው ወር የ612 ዶላር ቢል መጣ፤ ለጥናቱ ሲባል ለተወሰደ የመቅኔ ናሙና። ገጽ 17 ጥናቱ ይከፍላል ይላል። ሆስፒታሉ ወደ ኢንሹራንስ፣ ኢንሹራንሱ ወደ ሆስፒታሉ ሲልኩኝ ስድስት ሳምንት ፈጀ። አክስቴ ግን ተደብቀው ሊከፍሉ ቼክ ጽፈው ነበር፤ ከቦርሳቸው አውጥቼ ቀደድኩት። በመጨረሻ የገጽ 17ን ኮፒ ላክሁና ተሰረዘ።

አንድ የረሳሁት፦ ወረቀቱን ስትፈርሙ ሆስፒታሉ በነጻ አስተርጓሚ ያቀርብላችኋል፤ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። እንዲህ ያለ ወረቀት ቤቷ ያላት እህት ካለች በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛ ትምጣ፤ ቡናው እስኪፈላ ጥግ ይዘን እናየዋለን። እርሳስ እኔ አመጣለሁ።