ፊት ሳይታይ ስለሚሰጥ ፈተና

የዛሬው ንግግሬ እንግሊዝኛ ለማስተማር ወደ ውጭ አገር ለመሄድ አስበው፣ በስልክ የሚደረገውን ቃለ መጠይቅ ለሚጠባበቁት ለእርስዎ ነው። ምናልባት ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያረቅቁ፣ ቀድሞ ግን በመምህርነት ያገለገሉ ሰው ይሆናሉ። ባለቤትዎ ሐሳብዎን ያውቃሉ፤ የክፍል ኃላፊዎ ግን ገና አልሰሙም። ባንኮክ ካለ አንድ ትምህርት ቤት «በሚመጣው ሐሙስ በስልክ እንነጋገራለን» የሚል መልእክት ደርሶዎታል። የብዙ ዓመት አገልግሎትዎን ለመተው ወይም በሥራዎ ለመቆየት የሚወስኑት ከዚህ የግማሽ ሰዓት ንግግር በኋላ ነውና፣ ነገሩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

የስልክ ቃለ መጠይቅ ከሌላው ፈተና የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጠያቂው እርስዎን አያይዎትም፣ እርስዎም ጠያቂውን አያዩትም። ስለዚህ ዝግጅቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው ፊትዎ ይናገረው የነበረውን ድምፅዎ እንዲናገር ማድረግ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ዓይንዎ ሊመረምረው ይገባ የነበረውን በጥያቄ መመርመር ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ያስባል፤ ሁለተኛውን ይረሳል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚሄዱበት አገር ሕግ እንዲያስተምሩ የሚፈቅድልዎ መሆኑን ይወቁ። ለምሳሌ ደቡብ ኮሪያ ለእንግሊዝኛ ንግግር አስተማሪዎች የምትሰጠው ቪዛ በአብዛኛው ለሰባት አገሮች ዜጎች የተወሰነ ነው፤ እነርሱም አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። እንግዲህ በቶሮንቶ ወይም በዋሽንግተን የሚኖር፣ የዚያንም አገር ዜግነት የያዘ ወንድምዎ ለዚህ ሥራ ሊጠየቅ ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ግን «የሴኡል የአስተማሪነት ሥራ አለልህ፤ ገንዘብ አምጣ» የሚል ደላላ ቢመጣ፣ ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ አውቆ ያታልላል። በታይላንድ ግን እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ያልሆነ ሰውም ዲግሪና የቋንቋ ችሎታ ማስረጃ አቅርቦ ሊቀጠር ይችላል።

ቀጥሎ የቀጠሮውን ሰዓት ያረጋግጡ። ባንኮክ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ትቀድማለች፤ በዚህ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከእነርሱ በ6 ሰዓት ይለያል። እነርሱ «ከጠዋቱ 10 ሰዓት» ሲሉ፣ በአዲስ አበባ ገና ንጋት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለት ነው። አንድ የማውቀው መምህር የአቆጣጠሩን ልዩነት ብቻ አስቦ፣ «የእነርሱ 10 የእኛ 4 ነው» ሲል ቆጠረ። ሸሚዙን ለብሶ፣ ከረባቱን አስሮ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ቢያነሣ፣ ጎሕ ሲቀድ በተኛበት ሦስት ጊዜ ተጠርቶ እንደ ነበር ተረዳ። ሁለተኛ አልደወሉለትም። ሴኡል ቢሆንለት ኖሮ እንኳን የቁጥሩ ስሕተት ባልገጠመው ነበር፤ ሴኡል ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ስለምትቀድም፣ የእነርሱ ሰዓትና በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ያሳያሉ። በዚያ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት ሲሆን፣ በዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ስለዚህ ቀጠሮውን ሲቀበሉ የሁለቱንም ከተማ ሰዓት ጽፈው ይላኩና እንዲያረጋግጡልዎ ይጠይቁ።

ጥሪውን በመሥሪያ ቤት ሆነው አይጠብቁ። ተላላኪው ፋይል ይዞ ይገባል፤ ባልደረባዎ በሩን ያንኳኳል፤ ደግሞም የመንግሥት ሰዓት ለመንግሥት ሥራ የተመደበ ነው። በቤትዎ ድምፅ የማይቆራረጥበትን ማዕዘን አስቀድመው በሌላ ጥሪ ይፈትኑ። የስልክዎ ባትሪ ሙሉ ይሁን። የላኩትን ማመልከቻ፣ የትምህርት ማስረጃዎን፣ ወረቀትና እርሳስ፣ አንድ ብርጭቆም ውሃ ከፊትዎ ያኑሩ።

አሁን ወደ ድምፅ እንምጣ። እኛ የምናከብረውን ሰው ስናነጋግር ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ እርሱ ሲናገር ዝም ብለን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ «አዎን» ለማለትም ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን። ይህ ሁሉ በአገራችን ጨዋነት ነው። በስልክ ግን ዝቅ ያለው ድምፅ የእውቀት ማነስ ይመስላል፤ ዝምታው መስመሩ የተቋረጠ ያስመስላል፤ ወደ ውስጥ የተሳበውንም ትንፋሽ የባሕር ማዶ ሰው የድንጋጤ ምልክት አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ አክብሮትዎን ሳይተዉ በቃል ይግለጡት፤ «ገብቶኛል»፣ «ጥያቄዎ መልካም ነው» ይበሉ። ያልሰሙትን ጥያቄ ገምተው ከመመለስ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ይሻላል። መልስዎን ጽፈው አያንብቡ፤ የሚያነብ ሰው ድምፅ ወዲያው ያስታውቃልና። ይልቁንም ከቀጠሮው በፊት ባሉት ቀናት ድምፅዎን በስልክዎ ቀድተው ያዳምጡ። የቃላቱ መጨረሻ ተውጦ እንደሆነ፣ ንግግርዎም ፈጥኖ እንደሆነ ከእርስዎ ጆሮ የተሻለ የሚነግርዎ የለም።

ስለ ጥያቄዎቹም ቢሆን አስቀድሞ ማሰብ ይቻላል። ለምን ማስተማር እንደ ፈለጉ፣ ያን አገር ለምን እንደ መረጡ፣ ክፍል የሚረብሹ ልጆችን እንዴት እንደሚይዙ ይጠየቃሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን «ይህን ትምህርት እንዴት ያስተምሩታል?» የሚለው ነው። «በላሁ» እና «በልቻለሁ» በሚሉት መካከል እንዳለው ያለ ልዩነት በእንግሊዝኛም አለ። በአገራችን ክፍል ውስጥ ነገሩ ቢጠጥር በአማርኛ እናብራራዋለን። በባንኮክ ግን ልጆቹ አማርኛ አያውቁም፤ እርስዎም የእነርሱን ቋንቋ አያውቁም። ስለዚህ አንድ ሙዝ ይዤ እገባለሁ፤ በፊታቸው እበላለሁ፤ ባዶውን ልጣጭ አሳያለሁ፤ ከዚያም እነርሱ ራሳቸው እንዲናገሩት አደርጋለሁ ብለው ቢመልሱ፣ ይህ መልስ የሰዋስው ሕግ በቃል ከመደርደር ይበልጣል። ጠያቂው የሚፈልገው ሊቅ ሳይሆን ልጆችን የሚያናግር መምህር ነው።

በመጨረሻ «እርስዎስ የሚጠይቁት አለ?» ይባላሉ። ከትሕትና ብዛት «የለኝም» ብለው አይመልሱ። ስለ ራሱ ስለ ትምህርት ቤቱ የሚያውቁት በድምፅ የሰሙትን ብቻ ነውና። በሳምንት በክፍል ውስጥ የማስተምረው ስንት ሰዓት ነው? ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ ይከፈላል? ቤቱንና የአውሮፕላን ቲኬቱን የሚከፍለው ማን ነው? ውሉ ከጊዜው በፊት ቢፈርስ ምን ይሆናል? አሁን በዚያ ከሚያስተምር አንድ መምህር ጋር ልነጋገር እችላለሁን? ብለው ይጠይቁ። የሥራ ቪዛውንና የሥራ ፈቃዱንም እንዴት እንደሚያስገኙ ይጠይቁ፤ በታይላንድ ለመምህር ሁለቱም ያስፈልጋሉ። «ለጊዜው በቱሪስት ቪዛ ይግቡ፤ ሌላው በኋላ ይስተካከላል» ቢሉዎት፣ አመስግነው ይተዉት። ሥራ ሊሰጥ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ገንዘብ አይቀበልም፤ ዋናውን ፓስፖርትም በፖስታ ላክልኝ አይልም። የተጻፈ ውል በእጅዎ ሳይገባ፣ አንብበውም ሳይፈርሙ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዎን አያስገቡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና፣ የፈሰሰው የልጆችዎ እንጀራ እንዳይሆን።

አንድ ነገር ላክልና ልፈጽም። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፒስ ኮር የተባለው የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወደ አገራችን በላካቸው 280 ያህል የመጀመሪያ በጎ ፈቃደኞች መካከል አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ከእነርሱ የተማሩ አባቶችዎን ወይም እናቶችዎን ይጠይቁ። ስለ መምህራቸው የሚያስታውሱት የድምፁን ለዛ አይሆንም፤ ስማቸውን ጠርቶ ማናገሩን፣ ሲሳሳቱም አለመሳቁን ነው። አሁን ተራው የእርስዎ ነው፤ በማያውቁት አገር ላሉ ልጆች የባሕር ማዶ መምህር የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። ስልኩ ሲጠራ ይህን ያስቡ፤ ድምፅዎ ለጠያቂው ሳይሆን ለእነዚያ ልጆች እንደሚናገር ሆኖ ይውጣ። መልካም ዕድል ይግጠምዎ።