ስለ ትምህርት ቤታችን አትክልት የተደረገ ንግግር



 ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን መሬት ታውቁታላችሁ፤ ቀድሞ የተሰበረ ወንበር መጣያ ነበር። ዛሬ ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የሰፈሩም ቤተሰብ አባል እየሆነ ይኰተኩታል፣ ውሃ ያጠጣል፤ የሚበላውንም ራሱ ይቀጥፋል። ሚዛንም ሻጭም የለም።

ይህ ነገር በአዳማ ከእኛ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2012 በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ የቆመ የከተማ አትክልት ፕሮግራም፣ በኤች አይ ቪ ምክንያት የተጐዱ እናቶችና ልጆች በጓሮአቸውና በትምህርት ቤት ግቢ አትክልት እንዲያለሙ ያግዝ ነበር። አዳማም ከተረዱት ከተሞች አንዷ ነበረች።

የመቂና የባቱ (የዝዋይ) ገበሬዎች በሐይቅና በወንዝ ውሃ ቲማቲምና ሽንኩርት እያመረቱ እስከ አዲስ አበባ ይልካሉ። እኛ ያለን አንድ ቧንቧ ብቻ ነው። የአዳማ ፀሐይ ብርቱ ስለ ሆነ የምናጠጣው በማለዳ ወይም በመሸ ጊዜ ነው፤ አፈሩንም በደረቅ ሣር እንሸፍናለን። የዘራነው ሽንኩርት ከጐረቤታችን ከመልካሳ የእርሻ ምርምር ማዕከል የወጣው «አዳማ ሬድ» ነው። የከተማችንን ስም ስለ ያዘ በእርሱ ጥቂት ብንኰራ አትፍረዱብን።

አሁን ወደ ጭንቀታችን እንምጣ። ባለፈው ጥር አንድ ማለዳ ስንገባ ሁለት መደብ ቆስጣ ከነሥሩ ተነቅሎ አገኘን። እኩሌቶቻችን «በሩ ይቆለፍ፤ ቁልፉም በአንድ ሰው እጅ ይሁን» አልን። ያን ጊዜ አንዲት እናት «ልጆቼ፣ ሌባ ቢሆን የበሰለውን ቲማቲም ይተወው ነበርን? ይህ ሰው መቅጠፍ አያውቅም» አሉን። አፈርን።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አባል ሲገባ አስቀድመን አቀጣጠፉን እናሳያለን። ቆስጣና የጉራጌ ጎመን ከታች፣ ከውጭ ያለው ቅጠል እየተቀነጠሰ ልቡ ሲተው፣ ደጋግሞ ያቈጠቍጣል። ሽንኩርትና ካሮት ግን አንዴ ከተነቀሉ አበቃ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መስመሩ ተለይቷል። ቲማቲም ላይ ቀዳዳ ያየ ሰው ፍሬውን መሬት ላይ አይጥል፤ ቱታ አብሶሉታ የተባለችው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን የታየች የእሳት ራት ትሉ በውስጡ አለና፣ ለቅሞ አርቆ ይቅበረው።

በሩ አልተቈለፈም። ቆስጣው ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ተነቅሏል፤ አንደኛውን የነቀልነው፣ እውነቱን እንናገርና፣ ተቻኩለን እኛው ነን።

የፊታችን ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት ውሃ እናጠጣለን። አባል ለመሆን የምትፈልጉ ወላጆች ያን ጊዜ ኑ። ጥቅል ጎመኑ ደርሷልና ቢላዋና ዘንቢል ይዛችሁ ብትመጡ መልካም ነው።