ጭስ የሌለው እሳት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



በዛሬው በዓል ስለ አቶም ኃይል እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ፣ ነገሩን አስቀድመን በየቤታችን ለማስረዳት ሞከርን። በቤቱ ማስረዳት ያቃተው ሰው በአደባባይ ቢናገር አይረባምና። ከእናቶቻችን አንዲቱ እንጀራ እየጋገሩ አዳመጡንና፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ «ለመሆኑ ይህ እሳታችሁ ጭስ አለው ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። የለውም አልናቸው። «ታዲያ ጭስ ከሌለው ሰው የሚፈራው ምኑን ነው?» አሉ። በዚያ ሰዓት የምንመልሰው አጣን። የዛሬው ንግግራችን ለእኒያ እናት የዘገየ መልስ ነው።

ድንጋዩም፣ ውሃውም፣ የሰውም ገላ አቶም ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች የተሠሩ መሆናቸውን ተምረናል። በአቶም መካከል አስኳል አለ። እንጨት ሲነድ አቶሞቹ ጎረቤት ይለዋወጣሉ እንጂ አስኳላቸው አይነካም። የአቶም ኃይል የሚገኘው ግን አስኳሉ ራሱ ሲሰነጠቅ ነው። በ1938 መጨረሻ (በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኦቶ ሐንና ፍሪትዝ ሽትራስማን የተባሉ የጀርመን ኬሚስቶች ዩራንየምን በኒውትሮን ቢመቱት፣ ከዩራንየም በጣም የሚቀል ባርየም የሚባል ነገር አገኙና ግራ ገባቸው። ትርጉሙን ያገኙት ከሂትለር መንግሥት ሸሽተው በስዊድን ይኖሩ የነበሩት ሴት ሊቅ ሊዘ ማይትነርና የእኅታቸው ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ናቸው፤ አስኳሉ ለሁለት ተሰንጥቋል አሉ። የኖቤል ሽልማት ለሐን ብቻ መሰጠቱን ባነበብን ጊዜ የክፍላችን ሴቶች ልጆች ዝም አላሉም፤ ወንዶቹም እውነታቸው ነው ብለዋል።

አስኳሉ ሲሰነጠቅ ሙቀት ይወጣል፤ ከሙቀቱም ጋር ሁለት ወይም ሦስት ኒውትሮኖች ይፈናጠራሉ። እነዚህ ሌሎች አስኳሎችን ይመታሉ፤ እነዚያም ደግሞ ሌሎችን። ይህንኑ ለማየት በሳይንስ ክፍል የክብሪት እንጨቶችን በጭቃ ላይ አጠጋግተን ተከልንና አንዱን ለኰስን። ከመቅጽበት ሁሉም ተቀጣጠለ፤ የለኰሰውም ጓደኛችን ጣቱን ተለበለበ። በሁለተኛው ጊዜ በየመካከሉ እርጥብ ጭቃ አቆምንበት፤ እሳቱ ጥቂት ሄዶ ቆመ። በ1945 በሂሮሺማ ላይ የወደቀው ቦምብ እንደ መጀመሪያው ነው፤ ከልካይ የለውም። የኤሌክትሪክ ማመንጫው ግን እንደ ሁለተኛው ነው። ቦሮንን ከመሳሰለ ኒውትሮን ከሚውጥ ነገር የተሠሩ ዘንጎች በዩራንየሙ መካከል እየገቡና እየወጡ እሳቱን ይገቱታል። የቀረው ሥራ እንግዳ ነገር የለበትም፤ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ ከዚያም ኤሌክትሪክ ይገኛል። በ1954 በሶቪየት ኅብረት ኦብኒንስክ በምትባል ከተማ እንዲህ የተገኘ ኤሌክትሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ መስመር ተሰጠ።

ለዚህ የሚያገለግለው ዩራንየም 235 የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ከምድር ከሚወጣው ዩራንየም ከሺሁ እጅ ሰባቱ ብቻ ነው። አንዱ ኪሎ ሙሉ በሙሉ ቢሰነጠቅ ግን ከ2,000 ቶን የሚበልጥ የድንጋይ ከሰል የሚሰጠውን ሙቀት ይሰጣል። ስለ ጭሱም እናታችን ያሰቡት ልክ ነው። አየርን የሚያሞቀው የካርቦን ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 820 ግራም ያህል ሲወጣ፣ ከአቶም ኃይል ማዕድን ማውጣቱና ግንባታው ሁሉ ተቆጥሮ 12 ግራም ያህል መሆኑን የዓለም የአየር ንብረት ሊቃውንት በ2014 ገልጸዋል።

እንግዲህ የሚያስፈራው አመዱ ነው። የተሰነጠቀው አስኳል የሚተወው ቅሪት ጨረር ይሰጣል፤ ጨረሩም አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይንንም አያስለቅስ።

በኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት፣ በዩክሬን በቼርኖቢል ማመንጫ በአራተኛው ምድጃ ላይ ሙከራ ሲደረግ፣ የምድጃው አሠራር ጉድለት ነበረበትና፣ ሠራተኞቹም አንዳንዱን የጥንቃቄ መሣሪያ አጥፍተው ነበርና፣ ምድጃው ፈነዳ። ቅሪቱ ዐሥር ቀን ያህል ወደ ሰማይ ወጣ። ደመናው በነፋስ ሄደ፣ ዝናብ አወረደው፣ ሣር ላይ ተቀመጠ፣ ላም ጋጠችው፣ ልጆችም ወተቱን ጠጡ። በወተቱ ውስጥ አዮዲን 131 የሚባል ነገር ነበረበት። አዮዲን በሰው ገላ የሚከማቸው እንቅርት በሚወጣበት በአንገት ዕጢ ውስጥ ነው። ይህ አዮዲን በ8 ቀን ግማሹ ይጠፋል፣ ከተረፈውም በሚቀጥለው 8 ቀን ግማሹ ይጠፋል፤ ስለዚህ ወተቱን ለጥቂት ሳምንታት መከልከል ብቻ ብዙ ልጆችን ባዳነ ነበር። በብዙ ቦታ ግን በጊዜው አልተከለከለም። መንግሥቱ ለዓለም የተናገረው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ያውም ስዊድኖች ጨረሩን በመሣሪያቸው ካገኙት በኋላ ነበር። እስከ 2005 ድረስ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩስያ በዚያን ጊዜ ልጆች ከነበሩት መካከል ከ6,000 በላይ በዕጢ ካንሰር ታመሙ፤ ከዚህም ቀላል የማይባለው ክፍል በዚያ ወተት ምክንያት መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት ሊቃውንት መስክረዋል። አብዛኞቹ በሕክምና ድነዋል። እኛ እንደምናየው ግን፣ እሳቱ ያደረሰውን ጉዳት ዝምታው አብዝቶታል።

ሴዝየም 137 የሚባለው ደግሞ ግማሹ እስኪጠፋ 30 ዓመት ይፈጃል። ከቼርኖቢል ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቁት በዌልስ ኮረብቶች ላይ ከዝናብ ጋር ወረደና፣ እዚያ ያሉ እረኞች በጎቻቸው በመሣሪያ ሳይለኩ መሸጥ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሣው በ2012 ነው። ያች በግ፣ ልጇም፣ የልጅ ልጇም ስለማያውቁት እሳት 26 ዓመት ተለኩ!

እሳቱ ጠፍቶም ቅሪቱ መጋሉን አይተውም። በ2011 በጃፓን በፉኩሺማ የምድር መንቀጥቀጡ ምድጃዎቹን ወዲያው አስቆማቸው፤ ነገር ግን የባሕሩ ማዕበል የማቀዝቀዣውን ኤሌክትሪክ ስላጠፋ ሦስቱ ቀለጡ። በደኅና ጊዜም ቢሆን ቅሪቱን የሚያኖሩበት ስፍራ ያስፈልጋል። ፕሉቶንየም 239 ግማሹ እስኪጠፋ 24,000 ዓመት ያህል ይቆያል። ፊንላንዶች ከ400 ሜትር በላይ ጠልቀው በአለት ውስጥ መቃብር ቆፍረውለታል። የእኛ የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ወደ 1,700 ዓመት ቢጠጋው ነው፤ ከመካከላችን ያለ መምህር የሚያነበው ማን ነው? «እዚህ አትቆፍሩ» የሚለውን ቃል ለ24,000 ዓመት በምን ቋንቋ ይጽፉታል?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ድርጅት አባል የሆነችው ድርጅቱ በተቋቋመበት በ1957 ነው። በሴፕቴምበር 2025 የዓባይ ግድብ በተመረቀበት ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የአቶም ማመንጫ ለመሥራት መታሰቡን ተናገሩ፤ በዚያው ወር በሞስኮ ከሩስያ ጋር ስምምነት ተፈረመ። በክፍላችን ስለዚህ ክርክር ተነሥቶ እኩሌቶቻችን ዝናብ ሲያንስ ግድቡ ብቻውን አይበቃም አልን፤ እኩሌቶቻችን ደግሞ ፀሐይና ነፋስ እያለን ስለ ምን አልን። አልተስማማንም። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም አንድ ሆንን፤ ማመንጫው ሳይሠራ፣ በዙሪያው ያለውን ሣርና ወተት የሚለካው ማን እንደ ሆነ፣ የለካውንም በዚያው ቀን ለሕዝብ እንዲናገር የሚያስገድደው ሕግ የትኛው እንደ ሆነ ታውቆ ይደር። ማመንጫው ተሠርቶ ሥራ ሲጀምር እኛ ልጆች አሳዳጊዎች እንሆናለን፤ ወተቱን የሚጠጡት የእኛ ልጆች ናቸው። ከመካከላችንም ሁለቱ ፊዚክስ ለመማር ወስነዋል፤ መለኪያውን የሚይዙት እነርሱ ይሁኑ ብለን መርጠናቸዋል።

ከበዓሉ በኋላ የክብሪቱን ሥራ ለማየት የምትፈቅዱ ወላጆች ወደ ሳይንስ ክፍል ብትመጡ ደስ ይለናል። ጭቃውን እንደገና አቡክተናል፤ ለኳሽም ሌላ ተማሪ መርጠናል።